ከአያት የተወረሰው የፓውደር ዕቃ

በአሮጌ ዕቃ አዲስ ፓውደር የሚሞሉ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ ከአንዷ ጋር ቢሮ እጋራለሁ። ስንታየሁ ትባላለች። ክዳኑ ላይ ጽጌረዳ የተቀረጸበት የነሐስ የፓውደር ዕቃ አላት። በየወሩ ባህል አዳራሽ አካባቢ ካለ ኮስሞቲክስ ቤት ፓውደር ትገዛና ከፕላስቲክ መያዣው ፈርፍራ፣ በአልኮል አቡክታ፣ ነሐሱ ውስጥ በማንኪያ ጀርባ ትጠቀጥቀዋለች። ከዚያ ስብሰባ መሀል ቀጭ አድርጋ ትከፍተዋለች።

"የአያቴ ነው" ትላለች፤ ማንም ሳይጠይቃት። ኃላፊያችን እንኳ ንግግራቸውን ያቆማሉ። ከነሐስ ጋር ማን ይከራከራል?

ባለፈው ቅዳሜ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን አክስቴን ልንጠይቅ አብረን ቡሹሎ ቤታቸው ሄድን። አክስቴ እግራቸውን ሰማያዊ ሳፋ ውስጥ ባለ ሙቅ ውሃ ነክረው አገኘናቸው። ስንታየሁ ገና ሳትቀመጥ ዕቃውን አወጣች።

"የአያቴ ነው፣ እማማ።"

አክስቴ ተቀብለው አገላበጡት። ከፍተውም የውስጡን መስታወት ጥግ ስንጥቅ በጣታቸው ዳሰሱት።

"አያትሽ ዕቃ አያያዝ ያውቁ ነበር" አሉና መለሱላት።

ስንታየሁ ስልክ ልታናግር ስትወጣ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። "ይቺን መስታወት በሠርጌ ማግስት ጥዬ የሰነጠቅኳት እኔ ነኝ። አምና ነው ዕቃውን በሰፈር ለሚዞሩት ልዋጮች የሰጠሁት።"

ደነገጥኩ። "ታዲያ ለምን ዝም አሏት?"

አክስቴ እግራቸውን ውሃው ውስጥ አመቻቹ።

"እኔ ሳፋ አገኘሁበት፤ እሷ አያት አገኘችበት። ምኑ ያጣላናል?"