የጋሽ ሙላት አንገት

እኛ ዘንድ በሽታ ከውጭ እንጂ ከውስጥ አይመጣም። ዓይን ቢጫ ሲሆን ወፍ ጥላዋን ጥላበት ነው፤ ሆድ ሲነፋ የሰው ዓይን ነው። ጉበት ትዝ የሚለን በሬ ሲታረድ ብቻ ነው። የራሳችንንማ ማን አይቶት!

የእብናቱ አጎቴ ጋሽ ሙላትም ጉበት እንዳላቸው ያወቁት ሁለት ዓመት የወፍ መድኃኒት ሲጠጡ ከርመው፣ ሆዳቸው አብጦ፣ ክንዳቸው መንምኖ፣ ደም ሲያስታውኩ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ካስገባናቸው በኋላ ነው። እዚያው ከተማ አስተማሪ ነኝና አስታማሚው እኔና ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ሆንን።

ነርሷ ደም የምትሰጥበት ሥር ፈለገች። ቀኝ እጅ፣ ግራ እጅ፣ እግር። ጠፋ። ጋሽ ሙላት አዘኑላት፤ «ልጄ አትድከሚ፤ ድሮም ውኃ የማይወጣኝ መሬት ነኝ» አሏት።

ከዚያ ወጣቱ ሐኪም ጠራኝና ቀጭን ቱቦ በአንገታቸው በኩል ትልቁ የደም ሥር ውስጥ እናስገባ አለ። ጉበት ሲታመም ደም ቶሎ አይረጋም፤ በግምት መውጋት ያሰጋል። በአልትራሳውንድ እያዩ ሲወጉ ግን አደጋው ያንሳል። ጨርሶ የለም ግን አልልዎትም አለና ወረቀት ሰጠኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ «አንገት የሚፈለገው ለእርድ ነው» አሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ያሰብሁት እሱኑ ነበር። ፈረምሁ።

በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። የአልትራሳውንዱ ስክሪን ላይ ሁለት ጥቁር ክቦች፣ ሁለቱ የአንገት ደም ሥሮች፣ ጎን ለጎን ታዩ። ሐኪሙ በመሣሪያው ጫን ሲል አንደኛው ተኛ፤ ሌላው መምታቱን ቀጠለ። የሚመታው አይነካም፣ የምንፈልገው የሚተኛውን ነው አለኝ። መርፌዋ ነጭ ነጥብ ሆና ገባች። ከአንድ ቁራጭ ጥጥ የተረፈ ደም አልፈሰሰም። በዚያው ቱቦ ለጋሽ ሙላት ደም ተሰጣቸው፤ ማታ ዓይናቸውን ገልጠው ገብሱ ታጨደ ወይ ብለው ጠየቁ።

በዘጠነኛው ቀን ግን ጉበታቸው ጨርሶ ከዳቸው። አረፉ።

ልቅሶው ላይ የመጣው ሁሉ «አንገታቸውን ወግተዋቸው ነው አሉ?» ይላል። የአስተማሪ ልማድ ሆኖብኝ ሁለቱን ክቦች መሬት ላይ በጣቴ እየሣልሁ አስረዳለሁ። በጨዋ ደንብ ያዳምጡኛል። ቀጥሎ ለሚመጣው ደግሞ፣ አንገታቸውን ወግተዋቸው ነው፤ የፈረመውም ይኸው ነው ይሉታል።

በአርባቸው ዕለት እትዬ ጥሩወርቅ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

«ቱቦው እንዳልገደላቸው አውቃለሁ» አሉኝ። «እሱ ባይኖር ያን ዘጠኝ ቀን መቼ እናወራ ነበር?»

ታዲያ ይህንኑ ለሰው ቢናገሩልኝ ምናለ አልኋቸው።

«ጉበታቸውን አላየሁት። ያላየሁትን ምኑን ብዬ እረግማለሁ? ቱቦውን ግን አይቻለሁ። ወቀሳውን አንተ ቻልልኝ፣ ልጄ።»

ችያለሁ። እብናት ስወርድ ግን ብዙ አልቀመጥም።