ሰው ያልረገጠው ተራራና ሃያ ሁለቱ ሸክመኞች

እንግሊዛዊው ሳሂብ፣ በአገሬው አጠራር ጌታው፣ እጃቸውን ሲያራግቡ፣ በሂማላያ ተራሮች የሚኖሩት የስፒቲ ሰዎች «ጠጋ ጠጋ በሉ» ያሏቸው መስሏቸው ይበልጥ ተጠጋጉ። የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ቅቤ ተቀብተው ከባለ ሦስት እግሩ የፎቶግራፍ ሣጥን ፊት ተደርድረዋል። ጭቃ ሹሙ ፑንጾግማ መሀሉን ይዞ ደረቱን ነፍቷል። አስተርጓሚው ነገሩን አቃና፦ ታላቁ ሳሂብ ከባሕር ማዶ ድረስ የደከሙት የሰው ዓይን ያላየውን ተራራ ለዓለም ለመግለጥ በመሆኑ፣ ተራራውን ሲያዩ የኖሩ ሁሉ በአስቸኳይ ዞር እንዲሉ ታዟል።

ፑንጾግ ቅር እያለው ታዘዘ። ገብሱ ደርሷል፣ በረዶውም ከአሁን አሁን መጣ እየተባለ ነው፤ የመንደሩ ሃያ ሁለት ወንዶች ግን ሥዕል የሚታተምበትን መስታወትና ሣጥን ተሸክመው ሳሂቡን ሲከተሉ ወር አልፏቸዋል። አንድ የጠራ ሥዕል ከተገኘ በዚያው ቀን ይለቀቃሉ ተብሏል።

የማጽዳቱ ሥራ በታላቅ ጥበብ ተጀመረ። በመጀመሪያ ሰው ተሰወረ፤ ቀጥሎ የምድጃ ጭስ ተከለከለ። ከዚያ የፑንጾግ ሚስት ያንግዞም ጸጉራሙን በሬዋን ይዛ ከቋጥኝ ጀርባ እንድትገባ ተወሰነ።

«በሬው ደግሞ ምን አጠፋ?»

«የሰው በሬ ነው ተባለ።»

«ተራራውስ የማን ሊሉት ነው?»

«አንቺ ሴት፣ ገብሱን አስቢና ዝም በይ።»

በመጨረሻም አፋፉ ላይ ያለው የድንጋይ ክምር የሰው እጅ ሥራ መሆኑ ስለተደረሰበት ፈረሰ። ሆኖም በዚያ የሚያልፍ ሰው አንድ ድንጋይ ሳያኖር አያልፍምና፣ ሸክመኞቹ ከአፋፉ ጀርባ ሊደበቁ ሲሄዱ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ድንጋይ ጣል አደረጉ። ሳሂቡ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንበው ሲያጮልቁ ክምሩ በሙሉ ጤንነት ላይ ነበር። ዳግመኛ ፈረሰ፤ ያፈረሱትም ሲመለሱ የድርሻቸውን አኖሩ። ሁለት መስታወት በከንቱ ተበላሸ።

ፑንጾግ ይሄኔ መላ መታ። ክምሩን ራሱ አፈረሰና ሰዎቹን በሙሉ በሌላ መንገድ ቁልቁል ሰደዳቸው፤ ከገብሱ ማሳ የተሻለ መደበቂያ የለም ብሎ።

ሥዕሉ ፍጹም ሆኖ ወጣ። ሳሂቡ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ይህን ባዶ ምድር የፈጣሪ እጅ ብቻ እንደነካው አወጁ፤ ተራራውንም ባለቤት የለውምና በአክስታቸው በኦገስታ ስም ሰየሙት። የገቡትን ቃል ግን እንባው ሳያስረሳቸው አልቀረም፦ ነገ ሰው ወዳልረገጠው ወደሚቀጥለው ሸለቆ ጉዞ ይቀጥላል፣ ሣጥኖቹም ይነሱ አሉ።

«ሸክመኞቹ የታሉ?»

ፑንጾግ ሥዕሉ ያረፈበት መስታወት ላይ ጎንበስ ብሎ ከዳር እስከ ዳር በትዕግሥት መረመረው።

«እኔም ፈልጌ አጣኋቸው፣ ጌታዬ።»