ጋሼ ታከለና የሪሀና ሰርግ ዓሣ

ያለ ዕድር የሚኖር ሰፈር አይቻለሁ፤ ያለ አንድ «ቆይ እስቲ ልየው» ባይ የሚኖር ሰፈር ግን አላየሁም። ይህ ሰው ሐብሐብ ስትገዙ ከእጃችሁ ነጥቆ ያንኳኳል። ቅቤ ያሸታል። ማሩን በጣቱ ጫፍ ይቀምስና ያዝንላችኋል። የሸዋ ሮቢት ሙቀት እንኳ አያደክመውም። የእኛ ሰፈር ድርሻ ክቡር ጋሼ ታከለ ናቸው፤ የሮቢ ወንዝ የዓሣ ጉዳዮች ጠቅላይ መርማሪ። ማን ሾማቸው? ማንም። ማን ይሽራቸዋል? እሱም ማንም።

ለጋሼ ታከለ ዓሣ ዝም ብሎ ዓሣ አይደለም። ባለ ቅርፊቱ ዓሣ፣ ቆሮሶ፣ በሚራባበት ወቅት ይጠቁራል፤ ከድፍርስ ውሃ የወጣውና ከጠራው የወጣው ወንድማማች አይመስሉም። «መልኩን አትመን!» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። «ዓሣ እንደ ሰው ነው፤ ሊያገባ ሲል ልብሱን ይቀይራል።» አንዴ ካራቆሬ ላይ ዓሣ አንጠልጥሎ የቆመ ሰው አይተው ሚኒባስ አስቆሙ። ጥቁሩ ባል፣ ነጣ ያለችው ሚስት መሆናቸውን አስረድተው እስኪጨርሱ ተሳፋሪው በላብ ታጠበ። ሳይገዙ ተመለሱ እኮ!

ታዲያ ሁልጊዜ ልክ ናቸው እንዳትሉኝ። አንድ ቀን ሜሮን ምግብ ቤት የሰው ሳህን ላይ ጎንበስ ብለው «ይሄማ አምባዛ ነው!» ብለው ጮኹ። ዶሮ ነበር። «ታዲያ ዶሮ ከሆነ ለምን አምባዛ ይመስላል?» ብለው የምግብ ቤቱን ባለቤት ሜሮንን ተቆጧት።

እኔ ሱሌይማን ሙስሊም ነኝ፤ ዓሣው ቅርፊት ኖረው አልኖረው እበላለሁ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ግን ቅርፊት የሌለውን አይበሉም፤ አምባዛ ደግሞ ራቁቱን ነው። ስለዚህ የእህቴ የናፊሳ ልጅ ሪሀና ስታገባ ነገሩ ሁሉ ጋሼ ታከለ እጅ ላይ ወደቀ።

እኛ ዘንድ ሰርግ ሲደገስ የሙስሊሙ ሥጋ ለብቻ፣ የክርስቲያኑ ለብቻ ይታረዳል፤ ለየብቻም ይበላል። ሪሀና ግን ናፊሳ ወልዳ በታመመች ጊዜ የጎረቤታችንን የእትዬ መቅደስን ጡት ጠብታ ነው ያደገችው። «የጡት እናቴ በሰርጌ ቀን ለብቻዋ ልትበላ? አይሆንም! ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው» ብላ ድርቅ አለች። ሽሮ ይቅረብ እንዳይባል ሰርግ ነው። መፍትሔው ዓሣ ሆነ። ዓሣን የሚያርደው ስለሌለ የሁሉም ነው፤ አምባዛ እስካልሆነ ድረስ።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ነጋዴው ደረጄ ዓሣውን በባጃጅ አመጣው፤ ተገፎ፣ አጥንቱ ወጥቶ፣ ያለ ጭንቅላት። «ሁሉም ቆሮሶ ነው» አለ።

«ቆይ እስቲ ልየው» አሉ ጋሼ ታከለ። መነጽራቸውን አድርገው በርጩማ ላይ ተሰየሙና አንድ ቁራጭ ወደ ፀሐይ አነሱ። «ይቺ አምባዛ ናት።»

«በማርያም፣ ጋሼ፣ ቆሮሶ ናት!»

«ማርያምን ተዋትና ቆዳውን አምጣልኝ።»

ቆዳው ወንዝ ዳር ተጥሏል። ደረጄን በገዛ ባጃጁ ጭነው ወሰዱትና አንድ ጆንያ ቆዳና ጭንቅላት ይዘው ተመለሱ። ዝንቡ አጅቧቸው መጣ። ሴቶቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሸሹ። ናፊሳ «ያ አላህ፣ ሙሽራው ሊደርስ ነው እኮ!» እያለች ታለቅሳለች። ጋሼ ግን ጆንያውን ግቢው መሃል ዘረገፉት። ከቆሮሶው መሃል ሪዛም የአምባዛ ጭንቅላት ብቅ አለ።

ደረጄ መሬት መሬቱን እያየ «ቆሮሶው አልበቃ ብሎኝ ነው» አለ።

ጋሼ መለየት ጀመሩ። ቆሮሶው ለትሪው ወደ ቀኝ፣ አምባዛው እንደ እኔ ለሚበላው ወደ ግራ፣ መጥበሻውም ለየብቻ። በመጨረሻ አንዲት ቁራጭ ቀረች። አገላበጧት። አሸተቷት። ዘይቱ ግሏል፣ እንግዳው በር ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ቆሮሶ ናት በሉንና እንጥበሳት! አንዲት ቁራጭ እኮ ናት!» አለች ናፊሳ።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁና «አላወቅኋትም» አሉ።

እኒህ ሰው! ቃሉን ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «ሌላ ጊዜ ብሳሳት ይሳቅብኛል፣ ያልፋል። ይቺ ግን መቅደስ አፍ ነው የምትገባው» ብለው ወደ ግራ አኖሯት።

ትሪው ቀረበ። ሪሀና ጠቅልላ ወደ እትዬ መቅደስ ዘረጋች። እትዬ መቅደስ ከመጉረሳቸው በፊት ቀና ብለው ጋሼ ታከለን አዩአቸው።

«ብዪ፣ መቅደስዬ» አሏቸው ጋሼ።

ጎረሱ። ወላሂ፣ እኔ አለቀስኩ።

ያቺን አጠራጣሪ ቁራጭ የበላኋት እኔ ነኝ። ጋሼ ታከለ ግን ጉዳዩን ዛሬም አልዘጉትም። መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ያስቆሙኝና «ጣዕሟን እስቲ ደግመህ ንገረኝ» ይሉኛል። ባጃጅ ቢያመልጠኝም ቆሜ እነግራቸዋለሁ።