በኮፍያ የሚሻገሩት መስመር

የሰው ጓዳ ዘው ብሎ መግባት የማያምረው ሰው የለም። እናንተም አትዋሹ። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለው ተረት የኖረን እንዲህ ያለ ሰው ስለጠፋ ሳይሆን ስለበዛ ነው። ኮምፒውተር የሠሩት ሰዎችም ይህን ጠባያችንን ሳያውቁት አልቀሩም፤ ለማሽኑ ሁለት ወግ አበጁለት። ተራ ፕሮግራም በሚሠራበት ጊዜ የማሽኑ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ፣ «ዩዘር ሞድ» ላይ ነው፤ እጁን ሰብስቦ እንደ ጨዋ እንግዳ ይቀመጣል። ፋይል መክፈት፣ ወደ ዲስክ መጻፍ ሲያስፈልግ ግን ከርነል የሚባለው የቤቱ አዛዥ ይጠራል፤ ያኔ ያው ፕሮሰሰር «ከርነል ሞድ» ይገባል፣ የአዛዡን ትእዛዝ ይፈጽማል፣ ተመልሶም ጨዋ ይሆናል። ይህን ወግ ጥሶ ጓዳ ዘው የሚል ፕሮግራም ወዲያው ይዘጋል።

ለእናንተ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳችሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ በማስተምርበት ኮሌጅ ለተማሪዎቼ ግን ደጋግሜ ብነግራቸው ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። ጭራሽ «ትምህርቱ አይገባንም» ብለው ለትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ለአቶ ደምሴ አመለከቱ። አቶ ደምሴ ሲስቁ ያየ ሰው በኮሌጁ የለም። «ነገ መጥቼ አያለሁ። ካልሆነ ትምህርቱን ለሌላ መምህር እሰጠዋለሁ» አሉኝ። አዲስ ቅጥር ነኝ፤ እንጀራዬ ነው!

በማግስቱ ጭንቅ ሲለኝ ጠመኔ አነሣሁና ክፍሉን ለሁለት የሚከፍል መስመር ወለሉ ላይ አሰመርኩ። ከመስመሩ ወዲያ ጠረጴዛዬ፣ ወንበሬ፣ ዳስተሩና ምሳ ዕቃዬ፤ ከወዲህ ተማሪዎቹ፣ ማለትም ፕሮግራሞቹ። ከአምበር ከተማ የመጣችውን ተማሪዬን የሺን ፕሮሰሰር አደረግኳትና የማርቆስን ብርድ የምመክትባትን የሱፍ ኮፍያዬን ሰጠኋት።

«ስታደርጊው ከርነል ሞድ ነሽ፤ መስመሩን ትሻገሪያለሽ። ስታወልቂው ዩዘር ሞድ፤ ንቅንቅ የለም። በወጉ ሳይጠሩሽ ደግሞ ኮፍያውን እንዳታደርጊ።»

ቅኔ ቤት የቆየው መላኩ ቀድሞ ተነሣ። «ዳስተሩን አምጪ!»

«ባዶ ራሴን መሆኔ አይታይህም? በወጉ ጥራ!»

«ጥሪ ነው፣ እመቤቴ! ዳስተር እሻለሁ።»

ኮፍያዋን ደፋች፣ ተሻገረች፣ ዳስተሩን አመጣች፣ ሰጠችው፣ ኮፍያዋን አወለቀች። ክፍሉ አበደ። ሁሉም ጠሪ ሆነ። መላኩ በዳስተር የሚረካ ሰው አይደለምና ምሳ ዕቃዬን ጠየቀ። ኮፍያዋን ደፍታ አሰብ አደረገችና፣ «አይፈቀድም!» ብላ አወለቀች።

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተ። አቶ ደምሴ! ቀጥ ብለው ወደ ወንበሬ ሲራመዱ የሺ ፊታቸው ተገተረች።

«ጋሼ፣ መስመሩን አይለፉ!»

በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ።

«ልቀመጥ ነው እንጂ» አሉ።

«እንግዲያው በወጉ ይጥሩ።»

መስመሩን አዩ፣ ኮፍያውን አዩ፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ «ጥሪ ነው፤ ወንበር» አሉ። ኮፍያ ተደፋ፣ ወንበር መጣ፣ ኮፍያ ወለቀ። ተቀመጡና፣ «ይቺ ልጅ ኮፍያውን ማውለቅ ብትረሳስ?» ብለው ጠየቁ።

«ማንም ፕሮግራም ያሻውን ያደርጋል!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

«መላኩ የቲቸርን ምሳ ይበላል!» አለች አንዷ ከኋላ።

ገብቷቸዋል! ልዘል ምንም አልቀረኝ።

ሳቁ ግድግዳ አልፎ ኖሮ የጎረቤት ክፍል መምህር በሩን በርግዶ ገባ። «ምንድን ነው ይህ ጫጫታ?» እያለ መስመሩን ረግጦ ወደ እኔ መጣ።

«ሳይጠራ ተሻገረ! ይህ ፕሮግራም ይዘጋ! ይውጣ!» የሚል ጩኸት ክፍሉን ሰነጠቀው።

የጮኸው ተማሪ አልነበረም። አቶ ደምሴ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ጣታቸውን ቀስረው፣ እንባቸው እስኪወርድ እየሳቁ ነበር።

ጎረቤቴ ምኑም ሳይገባው ወጣ። እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም። ምን ላድርግ? አንድ ፕሮግራም ቢዘጋ ማሽኑ ሥራውን ይቀጥላል።