እምምም የሚለው አምፕሊፋየር

ዕቃ ሲበላሽ አንዲት ገመድ ሳይነቅል የሚፈርድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚሁ ሆሳዕና፣ በኛው ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ፣ ሠላሳ ያህል አውቃለሁ። አንዱ ራሴ ነኝ።

የጊታራችን አምፕሊፋየር ውስጡ አምፖል የሚመስሉ ቲዩቦች ያሉት አሮጌ ነው። ከተከፈተ ጀምሮ «እምምም» ይላል። መሪያችን ወንድም ታደሰ መብራቱን ይከሳል። እኔ ጊታሪስቱን ጠረጠርኩ፤ ጊታሪስቱ ዝናቡን። ሽማግሌዎች ጸለዩበት። እሱም ከጸሎቱ ጋር አብሮ «እምምም» አለ።

በመጨረሻ የፊዚክስ መምህሩ ወንድም ኤርጃቦ መጣ። ጊታሩን ነቀለ፤ ድምፁ አልጠፋም። አምፕሊፋየሩን አጥፍቶ የመጀመሪያዋን ቲዩብ በሌላ ቀየራትና መልሶ ከፈተው። ጸጥ አለ። ሻይ እንኳ ሳንጋብዘው ሄደ።

እሁድ ኳየሩ ለመዝሙር ቆመ። ማንም አልጀመረም። ለካ እስከ ዛሬ መነሻ ድምፃችንን የምንይዘው ከዚያ እምምምታ ኖሯል፤ ጊታሪስቱም የሚቃኘው በሱ ነበር።

ወንድም ታደሰ ፊት ወንበር ላይ ወደ ተቀመጠው መምህር ጎንበስ ብሎ፣ «ወንድም ኤርጃቦ፣ ምኑን ነክተህ ነው ያበላሸኸው?» አለው።

ይሄኔ ከሌሞ ገጠር በእግራቸው የሚመጡት እማማ ማርታ ከኋላ ወንበር ሆነው መዝሙሩን በራሳቸው ድምፅ ጀመሩት። ከለመድነው ትንሽ ዝቅ ያለ ነበር፤ ለጉሮሯችን ግን ተመቸን። ተከተልናቸው። ጊታሪስቱ ጆሮውን ወደሳቸው አዘንብሎ ክሩን በእሳቸው ድምፅ ቃኘ።

ያን ቀን፣ ቢያንስ እስከ ቡራኬው ድረስ፣ ማንም ማንንም አልከሰሰም።