ከቅስቱ ሥር ማን ይቁም?

ሰውን የሚጎዳው ድንቁርና ነው የሚሏችሁን አትስሟቸው! ምንም የማያውቅ ሰው ቤቱ ገብቶ ይተኛል። መከራው ትንሽ ባወቀው ላይ ነው። «ሙያ በልብ ነው» ሲባል እየሰማሁ ባድግም፣ እኔ ግን ሙያዬን ምላሴ ላይ አንጠልጥዬ ስዞር... የደረሰብኝን ስሙኝማ።

በደርግ ጊዜ ወረታ ላይ የእጅ ሥራ አስተማሪ ነበርሁ። ለአብዮት በዓል አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ይመጣል ተባለና ከከተማው መግቢያ ላይ መንገዱን የሚሻገር የድንጋይ ቅስት እንዲሠራ ታዘዘ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ደምሴ ስብሰባ ጠርቶ «ስለ ቅስት የሚያውቅ አለ?» ሲል... እጄ ተነሣ! እኔ አላነሣሁትም፤ ራሱ ነው የተነሣው።

ሰሌዳው ላይ ቅስት ሣልሁና የማሠልጠኛ ደብተሬን አነበነብሁት። «ይህ ምሰሶ ነው። ይህ መነሻ ድንጋይ። እነዚህ ከግራና ከቀኝ እየተደጋገፉ የሚወጡት ሽብልቅ ድንጋዮች ይባላሉ። የውስጡ ጎን የቅስቱ ሆድ፣ የላዩ ጀርባው ነው። አናቱ ላይ ያለው ደግሞ ቁልፍ ድንጋይ፤ ሁሉን አጥብቆ የሚይዝ እሱ ነው።»

የጓድ ደምሴ ፊት ተለዋወጠ።

«ይኸ አንዱ ምን ስለሆነ ነው ከሁሉ በላይ የሚቀመጠው?»

«ቁልፍ ስለሆነ ነዋ...»

«ሌሎቹ ተሸክመውት?»

«አዎ፣ ግን...»

«ይኸማ ባላባት ነው!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ምን ልበል? እናንተስ ብትሆኑ በዚያ ዘመን ለአንድ ድንጋይ ጥብቅና ትቆሙ ነበር? ቁልፉ ቀርቶ አናቱ ላይ ሁለት እኩል ድንጋዮች ግንባር ለግንባር እንዲገጥሙ ተወሰነ። «ይቻላል?» ሲሉኝ «በሚገባ!» አልሁ። ይቻል አይቻል የማውቀው ነገር አልነበረም።

ግንበኛው አለቃ ይርዳው ናቸው፤ የሁለት አብያተ ክርስቲያናት ባለ ቅስት ደጅ የገነቡ፣ የተማሩ ሽማግሌ። እርሳቸው ምሰሶውን እግር፣ መነሻውን ትከሻ፣ ሽብልቁን ጎድን ነው የሚሉት። መንገዱን በድጋፍ እንጨት ዘግተው፣ በእንጨቱ ላይ ጎድኑን እየደረደሩ በበዓሉ ዋዜማ ጨረሱ። ሁለቱን እኩል ድንጋዮች አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያስፈራኝም ይኸ ነው።

ድጋፉ ሊነሣ ሲል ከተማው ተሰበሰበ። ጓድ ደምሴ ስሙ የሚቀረጽበትን ድንጋይ ይመርጣል። የእኔም ስም ከሥሩ በትንሹ ብትገባ አልጠላም ነበር።

«እንግዲህ ዕቅዱን ያወጣው ይምጣና ከሥሩ ይቁም» አሉ አለቃ።

«ለምን?» አለ ጓድ ደምሴ።

«ደንብ ነዋ! ድጋፍ ሲነሣ ዕቅድ አውጪው ከሥር ይቆማል። እኔ ሁለት ጊዜ ቆሜ ይኸው አለሁ። እነዚያስ ቁልፍ ነበራቸው...»

ጓድ ደምሴ ወደ እኔ ዞረ። «እርሳቸው ናቸው ያስተማሩን!» አለ። እስከዚያች ሰዓት «አንተ» ነበር የሚለኝ!

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔ የድንጋዮቹን ስም ነው የነገርኋችሁ! ዕቅዱ የእርስዎ ነው!»

«ዕቅዱ የሰፊው ሕዝብ ነው!»

«እንኪያስ ሰፊው ሕዝብ ይግባና ይቁም» አሉ አለቃ።

ሰፊው ሕዝብ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እኔማ አራት! ፈርቼ ነበር፤ ምን ያሳፍራል? ገና ሚስት እንኳ አላገባሁም። በሁለት እኩል ድንጋዮች ልሙት?

ድጋፉ ሳይነሣ ቀረ። ቀይ ጨርቅ ተጠመጠመበትና «የጌጡ አካል ነው» ተባለ።

በማግስቱ የባለሥልጣኑ መኪና መጥታ እንጨቱ ፊት ቆመች። በስተቀኝ ደረቅ መሬት ነው፤ ሳምንቱን ሁሉ አላፊ አግዳሚው መኪና በዚያ ሲዞር ሰንብቷል። በስተግራ የፎገራ ጭቃ ነው። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «በየት ልዙር?» አለ። በዚያ ሁሉ ጓድ ፊት «ወደ ቀኝ» ብሎ ቀኝ መንገደኛ የሚባል ማን ነው? ጓድ ደምሴ «ወደ ግራ!» ብሎ ጮኸ። እኛም «ወደ ግራ!» ብለን ተቀበልን። መኪናዋ እስከ ሆዷ ሰጠመች! በሁለት ጥማድ በሬ ተጎትታ ስትወጣ፣ ባለሥልጣኑ ከወገቡ በታች ጭቃ ለብሶ ስለ ብሩህ ተስፋ ተናገረ።

በሦስተኛው ቀን ጧት ዝናቡ አፍርሶት ይሆን ብዬ እየሮጥሁ ወደ ቅስቱ ሄድሁ። ለካ ማገዶ የቸገረው ሰው ሌሊቱን ድጋፉን ከነቀይ ጨርቁ ወስዶታል! ቅስቱ ግን ያለ ድጋፍ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከሥሩ አንድ የፎገራ ኮርማ ተጠልሎ ያመሰኳል። ሁለቱን እኩል ድንጋዮች ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም።

ጓድ ደምሴ እያለከለከ ደረሰ። «ብያችሁ አልነበረም! ዕቅዴ...» ብሎ ሳይጨርስ ከኋላው የመጡት አለቃ ይርዳው አልፈውት ሄዱ። ኮርማው ፊት ቆሙ፤ ነጠላቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡ።

«ይቅር ይበሉን ጌታዬ» አሉት፤ «ለካስ ዕቅዱን ያወጡት እርስዎ ነዎት!»