ሊቀ ዋይፋይ ያርጋል

ደባርቅ ውስጥ ቤቱ ኢንተርኔት ያስገባ ሰው ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ ጋሽ ያርጋልንም አብሮ አስገብቷል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለው ሰፈር በአገራችን ያለ አይመስለኝም። ማንም ሳይሾማቸው የተሾሙ፣ ማንም ሳይጠራቸው የሚደርሱ፣ የጎረቤት መስመር ሲቋረጥ በህልማቸው የሚታያቸው ሰዎች አሉ። የእኛው ግን ከሁሉም ይበልጣሉ። እኔ በበኩሌ «ሊቀ ዋይፋይ» የሚል ማዕረግ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ፊት ለፊታቸው ግን ብዬ አላውቅም።

ክቡርነታቸው ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ሠላሳውን ዓመት በጭነት መኪና ሊማሊሞን ሲወጡና ሲወርዱ ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው ዓለምብርሃን ቤታቸው ዋይፋይ አስገባላቸው፤ በሦስተኛው ቀን ድረ ገጽ ሁሉ አልከፍት አለ። ባለሙያ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ጠበቁ። ባለሙያው ሲደርስ ጋሽ ያርጋል ችግሩን ፈትተው፣ የዋይፋዩን ሳጥን፣ ራውተሩን፣ ወልውለው፣ ሻይ አፍልተው ተቀበሉት። አንድ ሰዓት ሙሉ አስተምረው ሸኙት ይባላል።

ሹፌርነታቸውን ግን አልተዉትም። ድሮ ሊማሊሞን ወርደው ሲጨርሱ መኪናውን አቁመው፣ ጎማ በጎማ እየዞሩ፣ ፍሬኑ መጋል አለመጋሉን በእጃቸው ጀርባ ይለኩ ነበር። አሁን ደግሞ የሰው ቤት ሲገቡ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ፣ በዚያው በእጃቸው ጀርባ ራውተሩን ይዳስሳሉ። «ግሏል» ካሉ፣ ልጅ ትኩሳት የያዘው ይመስል ቤተሰቡ ሁሉ ይደነግጣል። ቀጥሎ ጥያቄው ይመጣል፦ «ያንተ ብቻ ነው ወይስ የሁሉ?» ያልከፈተው ገጽ አንድ ነው ወይስ ሁሉም? እምቢ ያለው ስልክ አንድ ነው ወይስ የቤተሰቡ ሁሉ? ይህን ሳይመልሱ ሽቦ መንካት ክልክል ነው።

ከምንም በላይ የሚያናድዳቸው ሁለት ነገር ባንዴ መነካካት ነው። «ሁለቱን ባንዴ ከነካህ፣ ቢድንም ምን እንዳዳነው አታውቅም» ይላሉ። እኔ ደግሞ ሁሉንም ነቅዬ፣ ሁሉንም አጥፍቼ፣ ሁሉንም ባንዴ የምሰካ ሰው ነኝ። በዚህ ሰበብ ሦስት ዓመት ተነታርከናል።

ነጋዴው ገዱ «ሳሎን ይከፍታል፣ መኝታ ቤት አይከፍትም» ብሎ ሲያማርር ሰምተው ሄዱ። ራውተሩ ቡፌ ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ኋላ፣ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። «ይኸ ሙሽራ ነው እንዴ የምትሸፍኑት?» አሉ። ዳንቴሉ የገዱ ባለቤት የእጅ ሥራ ስለነበር ተቀየመች። ዳንቴሉን በክብር አጥፈው ቴሌቪዥኑ ላይ አኖሩላት፤ ራውተሩን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፤ መኝታ ቤቱም ከፈተ። እሷ ግን እስከ ዛሬ ሰላም የምትላቸው በግድ ነው።

መምሬ ሀብተ ሚካኤል ቤት ደግሞ ዋይፋዩ ተገናኝቷል ይላል፣ ድረ ገጽ ግን አንድም አይከፍትም። ጋሽ ያርጋል ሲያጣሩ ቆዩና፣ መስቀል ተሳልመው፣ ቁጭ ብለው አስረዷቸው።

«መምሬ፣ ይኸውልዎ፣ ስልክዎ የሰውየውን ስም ያውቃል፣ ቤቱን ግን አያውቅም። ቤቱን የሚጠቁመው አንድ መንገድ ነጋሪ ነበረው፤ እሱ ዛሬ አልነቃም። ሌላ መንገድ ነጋሪ ልሰጥዎ ነው።»

ስልካቸው ላይ ጥቂት ቁጥሮች ጻፉ፤ ድረ ገጹ ተከፈተ። መምሬም «እግዜር ይስጥህ ልጄ፤ ላልነቃውም ምሕረቱን ይላክለት» ብለው መረቁ።

ለቅሶ ቤት እንኳ አያርፉም። አንድ ጊዜ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው፣ በመስኮት የራውተሩን ቀይ መብራት አይተው፣ ሁለት ቀን እንደ ምንም ታገሡ። በሦስተኛው ቀን «እግዜር ያጽናችሁ» ካሉ በኋላ «መስመሩ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነ?» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ባለፈው መስከረም መጨረሻ ግን ነገሩ እኔው ቤት መጣ።

የእህቴ ልጅ ሊድያ ዳባት ውስጥ ነርስ ናት። የማደንዘዣ ሕክምና ለመማር የነጻ ትምህርት ዕድል ወጥቶ፣ ማመልከቻው የሚገባው በድረ ገጽ ብቻ ነበር። ማብቂያው የዚያን ቀን ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። የዕድሜ ገደብ ስላለው ለእሷ የዘንድሮው የመጨረሻዋ ነው። ጠዋት በሚኒባስ እኔ ዘንድ የመጣችው ኮምፒውተርም ኢንተርኔትም አለኝ ብላ ነው። እኔ ኮምፒውተሩን ለመጻፊያ እንጂ ለሌላ አልነካውም፤ ድረ ገጽ የማየው በስልኬ ነው።

ገጹ በኮምፒውተሩ አልከፈተም። ቀይ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ አላነበብኩትም። ሁሉንም ነቀልኩ፣ ሁሉንም ሰካሁ፤ ያው ነው። ጎንደር ለሚኖር አንድ የማውቀው ባለሙያ ደወልኩ። «ገጹ ተጨናንቆ ይሆናል፣ ነገ ሞክሩ» አለኝ። ነገ የሚባል ነገር እንደሌለ ስነግረው ስብሰባ ላይ ነኝ ብሎ ዘጋው። ሊድያ ማስረጃዎቿን የያዘችበትን ፕላስቲክ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። እሱን ማየት አቃተኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ጋሽ ያርጋል ቤት ሄድኩ።

መጡ። ራውተሩን በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱት። «አልጋለም» አሉና ወደ ሊድያ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይኸው ገጽ በስልክሽስ ይከፍታል?»

«ይከፍታል ጋሼ። ሰነድ ማያያዣው ጋ ስደርስ ግን ይዘጋብኛል። ሦስቴ ሞከርኩት።»

«በዚሁ ዋይፋይ?»

«በዚሁ ነው።»

«እንግዲያው ገጹም አልተጨናነቀ፣ መስመሩም አልታመመ፣ ሳጥኑም ደህና ነው። የቀረው ይኸ ነው» ብለው ኮምፒውተሬን በአገጫቸው አመለከቱት። «ቀዩ ጽሑፍ ምን ይላል? ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ።»

ሊድያ አነበበችና ተረጎመችላቸው። «ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል ነው የሚለው።»

«ሰዓቱማ ልክ ነው» አልኩ ኮራ ብዬ።

ጋሽ ያርጋል መነጽራቸውን ጠርገው ወደ ኮምፒውተሩ ማያ ጥግ ተጠጉ። 2018 ይላል። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

ያደረግኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ። የእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ለበዓሉ ክብር ብዬ፣ የፈረንጁን ዓመት አጥፍቼ የእኛን አግብቼበት ነበር። ወሩንም መጀመሪያ ወር፣ ቀኑንም አንድ አደረግኩት፤ ሰዓቱንም በእኛው አቆጣጠር ሞላሁት። ራሱ እየመለሰ ሲያስቸግረኝ መመለሻውን ዘጋሁበት። አገሬን ያከበርኩ መስሎኝ ኮምፒውተሩን ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ሰድጄዋለሁ።

«ይኸውልሽ ልጄ፣ ድረ ገጽ ሁሉ መታወቂያ አለው» አሏት። «ለዚህ ኮምፒውተር ግን የዛሬው መታወቂያ ገና አልተጻፈም። እንዴት አምኖ ያሳልፍሽ?»

«ለምን እንዲህ ሆነ ጋሼ?»

«ያደርገዋል። ባትሪ ሲደክም ዓመቱ ይምታታበታል።»

እኔ የዘጋሁትን መመለሻ ከፈቱት። ሌላ ምንም አልነኩም። ዓመቱ ተመለሰ፣ ገጹ ተከፈተ። አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ «ማመልከቻዎ ደርሶናል» የሚል ጽሑፍ ሲወጣ ሊድያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ከዚያ እናቷን ለማብሰር ስልኳን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ያ ባለሙያም ስብሰባው አልቆለት ደወለ። «እንዴት ሆነ?» አለኝ። «እኛ ጋ ሰው አለ» አልኩት። እንዲህ ያኮራኝ ቃል በስልክ ተናግሬ አላውቅም።

ጋሽ ያርጋልን እስከ በር ሸኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ለምን አልነገሯትም?»

«አጎቷ ነህ እኮ» አሉኝ። «ዕድሉ ከቀናት ልጅቱ ለትምህርት ርቃ ልትሄድ ነው። አገሯ ላይ የምትመካበት ሰው ይኑራት እንጂ።»

ቤት ስገባ ሊድያ ስልኩን ዘግታለች። ባትሪው ምንም እንዳልሆነ፣ ዓመቱን ያዛባሁት እኔ እንደሆንኩ፣ እሳቸው አውቀው እንደሸፈኑልኝ ሁሉንም ነገርኳት። «አገርሽ ላይ የምትመኪበት ሰው ከፈለግሽ» አልኳት፣ «አሁን ነው የወጡት፤ ድረሺባቸው።»

ነጠላዋን ሳታነሳ ሮጠች። በሩ ላይ ቆሜ አየሁ፤ መታጠፊያው ጋ ደረሰችባቸውና ትከሻቸውን ሳመች። እሳቸው ደንግጠው ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔም ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ሰፈር ሁሉ እያየኝ፣ እጅ ነሳኋቸው።